ብረቱን የሚያናግረው መጽሐፍ

እንግዲህ ስሙኝ። ወሬዬ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም በምትባል የብረት ቀጥቃጮች ከተማ፣ ጭስ በሞላው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1906 ገደማ ይሁን። ከዚህ በኋላ የምጠራው ቀን፣ ወርና ዓመትም ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው።

ሠራተኛው ከፋብሪካ ወጥቷል፣ እጁን ታጥቧል፣ ቢራውን ይዟል። ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ዞሯል። ግድግዳው ላይ የብረት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሰሌዳው መሃል አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ስፋቷ አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። ከቀዳዳዋ ጀርባ ደወል ተቀምጧል። ተኳሹ ስድስት ያርድ፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ያህል፣ ርቆ ይቆምና ያነጣጥራል። ምላጩን ሲስብ ባሩድ አይጨስም፣ ጆሮ የሚያደነቁር ነገር የለም፤ «ጠፍ» ብቻ ይላል። እርሳሷ በቀዳዳዋ ካለፈች ደወሉ ይጮሃል፤ ቤቱም አብሮ ይጮሃል። ካላለፈች አንዲት አፍታ ዝም ይባልና ሳቁ ይከተላል። መጠጥ ቤት ከመጠጥ ቤት ቡድን አቋቁሞ ይጋጠም ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ደወል ሰፈር ከሰፈር ተፎካክሯል።

የሚተኮስበት መሣሪያ የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ አያውቅም። በሆዱ ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ፣ ከሞላው ፊት ፒስተን አለ። ዘንጉን ስትስቡት ሞላው ይጨመቃል፣ ምላጩ እስኪነካ ድረስም ታፍኖ ይቆያል። ሲለቀቅ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወርና ከፊቱ ያለውን አየር ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ደግሞ እርሳሷን በአፈሙዙ ያስወነጭፋታል። በቃ፣ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከዚያ ዘመን በፊት ገበያውን የሞሉት ርካሾቹ የአየር ጠመንጃዎች ከአንገታቸው የሚታጠፉ ነበሩ። ሞላውን ለመጨመቅ አፈሙዙን ራሱን ነው የምታጥፉት። ማጠፊያው እያደር ይላላል፤ አፈሙዙ ይዘምማል፤ ዛሬ የደወሉን ቀዳዳ ያገኘ ጠመንጃ ነገ ግድግዳውን ይመታል። በስቲልሃውስ ሌን ጎዳና ሱቅ የነበረው ጆርጅ ሊንከን ጄፍሪስ የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ይህን አይቶ አንድ ነገር አሰበ። አፈሙዙን ጨርሶ አላንቀሳቅሰውም አለ። ሞላውን የሚጨምቅ ሌላ ዘንግ ከአፈሙዙ ሥር አስተኛ። እርሳሷን ለማጉረሻም መሃሉ የተበሳ፣ በጣት የሚዞር ክብ ብረት ሠራ፤ ሲከፈት ትጎርሳለች፣ ሲዘጋ ከአፈሙዙ ጋር ትገጥማለች። በ1904 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ጄፍሪስ ሱቅ እንጂ ፋብሪካ አልነበረውም። ሥራውን የሰጠው ቢኤስኤ ለሚባለው ኩባንያ ነው። ቢኤስኤ በ1861 የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ተባብረው ያቆሙት፣ በስሞል ሂዝ ሰፈር ትልቅ ፋብሪካ የነበረው ድርጅት ነው። በኋላ ብስክሌቱም ሞተር ብስክሌቱም በዓለም ታውቋል፤ ምልክቱ ግን እስከ መጨረሻው ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው። በ1905 የአየር ጠመንጃው ከዚያ መውጣት ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሠራተኛ እጅ የወጣው ጠመንጃ አንዱ በጄፍሪስ ስም፣ ሌላው በቢኤስኤ ስም ተሸጠ። ወዲያው ደግሞ ዓይነቱ በዛ። ቀላል አለ፣ መደበኛ አለ፣ ለልጅ የሚሆን አጭር አለ። የአፈሙዙ ስፋት በቁጥር ይጠራል፤ አንድ ቁጥር 4.5 ሚሊሜትር፣ ሁለት ቁጥር 5.5፣ ሦስት ቁጥር 6.35። የማነጣጠሪያው ቅርጽ ይለወጣል፣ የዘንጉ መያዣ ይለወጣል፣ የጽሑፉ ቦታ ይለወጣል። የለወጠው ሰው ግን «ዛሬ ለወጥኩ» ብሎ ለመጪው ትውልድ ማስታወሻ አልተወም። ለምን ይተዋል? እሱ ጠመንጃ ነው የሚሸጠው።

በ1907 ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ሠሩ። የእንግሊዝ ወታደር የሚይዘውን ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ቁርጥ አድርጎ የሚመስል የአየር ጠመንጃ ነው፤ አዲስ ምልምል ባሩድ ሳያባክን እንዲለማመድበት። ብዙም አልቀጠለም። ዛሬ ሰብሳቢው በሕልሙ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ የመጣበት ምንጭ ሳይጣራ ማንም ከልቡ አያምነውም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1914 ፋብሪካው እውነተኛውን ጠመንጃ ወደ መሥራት ዞረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አየሩ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ጦርነት እንደገና አቆመ። ኅዳር 1940 በአንድ ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች የስሞል ሂዙን ፋብሪካ መቱት፤ 53 ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው ተነሥቶ በ1948 ኤርስፖርተር የሚባለውን አዲስ የአየር ጠመንጃ አወጣ። አሮጌዎቹ ግን በየቤቱ ተረሱ። አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያስተላለፈ፣ መጨረሻ ላይ በአትክልት ቤት ጥግ ከአካፋና ከመጥረጊያ ጋር ቆሞ የሚዝግ ብረት ሆኑ።

የእኛ አገር ሰው እዚህ ላይ መገረሙ አይቀርም። እኛ ጋ ጠመንጃ ስም አለው፤ ውጅግራው፣ ምንሽሩ በሽለላ ይጠራል፣ ማን እንደያዘውና የት እንደዋለበት በቀረርቶ ይነገራል። የበርሚንግሃሙ ሰውዬ ሽለላ የለውም። ሰብሳቢው ያን የዛገ ብረት ይዞ ቢቆም፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ወንድሞች እንዳሉት የሚነግረው የለም። ያለው ነገር ብረቱ ላይ የተመታ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው።

እናም መጽሐፍ ፈለገ።

መጻሕፍቱ ጨርሶ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። በ1957 ደብልዩ ኤች ቢ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ስለ ዓለም የጋዝ፣ የአየርና የሞላ ጠመንጃዎች ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። ስሚዝ የወታደር መሣሪያን በመጻፍ የታወቀ ሰው ስለነበር፣ የልጅ መጫወቻ የሚባለውን ነገር እሱ በቁም ነገር መያዙ ራሱ ለአፍቃሪዎቹ ክብር ሆኖላቸው ነበር። በዓመቱ፣ በ1958፣ የሚልዋኪ ሙዚየም የኤልደን ዎልፍን ጥናት አወጣ። በ1972 ዴንማርካዊው አርነ ሆፍ ስለ ጥንቶቹ፣ ነገሥታትና መሳፍንት ያድኑባቸው ስለነበሩት የአየር መሣሪያዎች የጻፈው መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመ። ሆፍን ያነበበ ሰው የአየር ጠመንጃ የልጅ ዕቃ ነው ብሎ ዳግም አይናገርም። ነገር ግን ሦስቱም ከሩቅና ከከፍታ ነው የሚያዩት። በአትክልት ቤት የተገኘው የዛገው ቢኤስኤ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ቢሏቸው አይመልሱም።

የመለሰው ጆን ኒብስ ነው፤ የበርሚንግሃም ሰው፣ የቢኤስኤን መለዋወጫ በመሸጥ የሚታወቅ። በ1986 ስለ ቢኤስኤና ስለ ሊንከን ጄፍሪስ የአየር ጠመንጃዎች ብቻ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ያው 1986 ደግሞ የቢኤስኤ የጠመንጃ ኩባንያ ሒሳቡ ተዘግቶ ንብረቱ የተሸጠበት ዓመት ነው። ነጋዴው መዝገቡን ሲዘጋ ጸሐፊው መዝገብ ከፈተ። ስሙ በአዲስ ባለቤት ሥር እዚያው በርሚንግሃም ቀጥሏል፤ ለሰብሳቢው ግን የድሮው ቤት ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለው መጽሐፉ ውስጥ ነው።

አሁን ሰብሳቢውን ተመልከቱት። ቅዳሜ ማለዳ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ጠመንጃ ገዝቶ ገብቷል። ሚስቱ «ደግሞ ሌላ?» ብላለች፤ አልሰማትም። ጋዜጣ አነጠፈ፣ ጠመንጃውን በጀርባው አስተኛ፣ ከምላጩ አካባቢ ያለውን ቆሻሻ በዘይት ጨርቅ ቀስ ብሎ ጠረገ። ፊደል ወጣች። ከፊደሏ ቀጥሎ ቁጥር ወጣ። መነጽሩን አደረገ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ጀርባው ተላቅቆ በፕላስተር የተጠገነ ነው፣ ገጾቹ ላይ የዘይት አሻራ አለ። ጣቱን በሰንጠረዡ ላይ አወረደ፣ አወረደ፣ ቆመ። ይህ ጠመንጃ ከመጀመሪያው ጦርነት በፊት የተሠራ ነው! የቀላሉ ዓይነት ነው! ማነጣጠሪያው ግን የዚያ ዘመን አይደለም፤ አንድ ሰው ቆይቶ ለውጦታል። ማን? መቼ? አሁን ሥራ ተገኘለት። ትክክለኛው ማነጣጠሪያ እስኪገኝ ድረስ እንቅልፍ የለም።

ይህን ደስታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ እኔ እንደገባኝ ግን ከጠመንጃው የሚበልጠው ደስታ ማወቁ ነው። ተኩሶ ደወል ከማስጮኽ ይልቅ ሰንጠረዡ ላይ ቁጥሩን ማግኘት የሚያስፈነድቃቸው ሰዎች አሉ። ጠመንጃውን ከገዙ በኋላ አንዴም ሳይተኩሱበት የሚኖሩ አሉ። መጽሐፉን ግን ይገልጡታል፤ በየኅዳጉ በእርሳስ ይጽፋሉ። «የእኔ ከዚህ በ200 ቁጥር ይቀድማል፣ መያዣው ግን አዲሱ ነው» ይላል አንዱ። ይህ ማለት ለውጡ መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ ተጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለች ማስታወሻ የጻፈ ሰው ለሳምንት ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ራሱ መጽሐፉ የሚሰበሰብ ዕቃ ይሆናል። መካከለኛ ጠመንጃ የሚገዛ ገንዘብ አውጥቶ የጠፋ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አለ። እብደት ነው? ይሆናል። እኔ ግን የማያስቀይም እብደት ነው እላለሁ።

ነገሩ በእንግሊዝ አልቆመም። አሜሪካ ሄዳችሁ የዴይዚን ወሬ ብትጠይቁ ሌላ ጉድ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ የብረት የንፋስ ወፍጮ የሚሠራ ኩባንያ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው ማባበያ እንዲሆን ከወፍጮው ጋር ዴይዚ የምትባል አንዲት የብረት የአየር ጠመንጃ መስጠት ጀመረ። ገበሬው ወፍጮውን ትቶ ጠመንጃዋን ፈለገ። በ1895 ኩባንያው ስሙን በጠመንጃዋ ስም ለወጠና ወፍጮውን ረሳው።

የዲያና ግን የባሰ ነው፤ ሰብሳቢን ያሳበደ። በጀርመን ራሽታት ከተማ በ1890 የተቋቋመ፣ የአየር ጠመንጃ የሚሠራ ማየር ኡንድ ግራመልስፓኸር የሚባል ቤት ነበር። ምልክቱ ዲያና የምትባለው የአደን አምላክ ናት፤ ቀስቷን ወርውራ በምትኩ የአየር ጠመንጃ ወደ ላይ አንሥታ የቆመች። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ድል አድራጊዎቹ የፋብሪካውን ማሽኖችም ስሙንም ወሰዱበት፤ ሁለቱም ስኮትላንድ ውስጥ ማዘርዌል ለሚገኘው ሚልብሮ ለሚባለው ኩባንያ ደረሱ። ስኮትላንዳውያኑም ዲያና ብለው መሥራት ቀጠሉ። ጀርመኖቹ በኋላ ሥራ ሲጀምሩ እንግሊዝ አገር በገዛ ስማቸው መሸጥ አልቻሉም፤ «ኦሪጅናል» እያሉ ሸጡ። ስማቸውን መልሰው ያገኙት ሚልብሮ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ጠመንጃ አንሥቶ «ዲያና ነው» ቢላችሁ ምን ማለቱ ነው? የትኛዋ ዲያና? በማን እጅ? በየትኛው አገር? ብረቱን ብቻ አይቶ የሚመልስ ባለሙያ ጥቂት ነው። ገጽ የሚገልጥ ግን ማንም ይመልሳል።

ይህን ሁሉ በአንድ ትልቅ ጥራዝ የሚሰበስበው መጽሐፍ በ2001 ወጣ። ሚኒሶታ ውስጥ የመሣሪያ ዋጋ መዝገብ የሚያትም አንድ ቤት አለ፤ መጻሕፍቱ በሰማያዊ መጽሐፍነት ይታወቃሉ። የአየር ጠመንጃውን ሰማያዊ መጽሐፍ ካዘጋጁት አንዱ ሮበርት ቢማን ነው። ቢማን በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥነ እንስሳት ያስተምር ነበር፤ ከባለቤቱ ከቶሺኮ ጋር ሆኖ የአውሮፓን ምርጥ የአየር ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ የሚያስገባ ንግድ አቋቋመ፤ ንግዱ አደገ፤ በ1993 ሸጠው። እንስሳትን በዘርና በወገን ሲመድብ የኖረ ሰው ጠመንጃን ሲመድብ ምን እንደሚመስል አስቡት። እያንዳንዱ ጠመንጃ ሠሪው፣ ዓይነቱ፣ ዘመኑ፣ ቀጥሎም በይዞታው ልክ ዋጋው፤ እንዳልተነካ የቆየው መቶ ከመቶ፣ እየዛገና እየተፋቀ ሲሄድ ወደ ታች ይወርዳል። ሰብሳቢዎች በዚህ ይጣላሉ። ሻጩ «ዘጠና ከመቶ ነው» ይላል፤ ገዥው «ስልሳም አይሞላ» ይላል፤ ሁለቱም ያንኑ ገጽ ገልጠው ነው የሚጨቃጨቁት።

ቢማንን ያነሣሁት ግን ለዋጋው አይደለም። እሱ ባለቤቱ የነበረ አንድ ጠመንጃ አለ፤ ዛሬ ያመጣኝ ወሬ ይህ ነው፤ ጠጋ በሉ።

በ1803 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ካፒቴን ሜሪዌዘር ልዊስን ወደ ምዕራብ፣ ነጮች እምብዛም ወደማያውቁት አገር ላከው። ልዊስ ከያዛቸው ዕቃዎች አንዱ የአየር ጠመንጃ ነበር። ነሐሴ 30 ከፒትስበርግ በጀልባ ተነሣ፤ ገና የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ በወንዙ ውስጥ ካለች አንዲት ደሴት ላይ ሰዎች «እስቲ አሳየን» አሉት። አሳያቸው። ቀጥሎ ጠመንጃውን የተቀበለው ሰው ሳያውቀው ተኮሰ። እርሳሱ 40 ያርድ ርቃ የቆመችን ሴት ባርኔጣ በስቶ የጆሮ ግንዷን ጫረ። ሴትዮዋ ወደቀች፣ ደሟ ፈሰሰ፤ ሞተች ብለው ሁሉም ደነገጡ። ጥቂት ቆይታ ነቃች፤ ቁስሉ ቀላል ሆኖ ተገኘ። አስቡት፤ ታላቁ ጉዞ ሳይጀመር ሊበላሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልዊስ በየደረሰበት የአገሬውን ሕዝብ ሰብስቦ ያንን ጠመንጃ ይተኩስ ነበር። ጭስ የለም፣ እሳት የለም፣ ኢላማው ግን ይበሳል። ነሐሴ 1805 ሾሾኔዎቹ ሲያዩት ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር ነው ብለው ተገረሙ፤ ልዊስ ራሱ በማስታወሻው መዝግቦታል። ጠመንጃው ምን ዓይነት እንደነበር ግን አልጻፈም። ምን ያድርግ? ለእሱ ግልጽ ነዋ! በየቀኑ የሚያየውን ዕቃ ማን ይገልጻል?

ልዊስ በ1809 ሞተ። ጠመንጃውም ጠፋ። ክርክሩ ተጀመረ።

በመጀመሪያ ያሸነፈው የኢሳያ ሉከንስ ጠመንጃ ነው። ሉከንስ የፊላደልፊያ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የአየር ጠመንጃም ይሠራል። ሲሞት ዕቃው በ1847 ለሐራጅ ወጣ፤ በሐራጁ ዝርዝር ውስጥ አንደኛው ትልቅ የአየር ጠመንጃ ልዊስና የጉዞ አጋሩ ክላርክ የተጠቀሙበት ነው ተብሎ ተጽፏል። በዚህች አንዲት መስመር ላይ ተመሥርቶ፣ ዛሬ በቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም ሙዚየም ያለው የሉከንስ ጠመንጃ ለብዙ ዓመት የልዊስ ጠመንጃ ተብሎ ታመነ። አንድ ጊዜ ጎርሶ አንድ ጊዜ የሚተኩስ ነው።

ከዚያ በ1997 አንድ የጉዞ ማስታወሻ ታተመ። ጸሐፊው ቶማስ ሮድኒ የሚባል ዳኛ ነው፤ በዚያው 1803 ወደ ሚሲሲፒ ለሹመቱ ሲወርድ በዊሊንግ ከተማ ከልዊስ ጋር ተገናኝቷል። ልዊስ ጠመንጃውን አሳየው። ዳኛው ደግሞ፣ አመሰግነዋለሁ፣ እንደ ዳኛ ዝርዝሩን ያዘ። በአንድ ሙሌት ሰባት ጊዜ ተኮሰ፤ ሲሞላ 22 ጊዜ ይተኩሳል፤ እርሳሶቹ በሙሉ ከአፈሙዙ ጎን ባለ አጭር ቱቦ ይደረደራሉ፣ ብረት ሲገፋም አንድ በአንድ ወደ ጉሮሮው ይወርዳሉ ብሎ ጻፈ።

መጽሐፉ ታትሞ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ አንድ የጠመንጃ አዋቂ ያቺን አንቀጽ ሲያነብ ምን እንደሆነ ገምቱ። ከጎኑ ቱቦ ያለው፣ ሃያና ሃያ ሁለት ጊዜ የሚተኩስ የአየር ጠመንጃ በዓለም ላይ የታወቀው አንድ ነው፤ የጂራንዶኒ። ባርቶሎሜዮ ጂራንዶኒ የቲሮል ሰው ነው፤ ለኦስትሪያ ጦር በ1780 ገደማ የሠራው ጠመንጃ ሰደፉ ራሱ የአየር ማጠራቀሚያ ነበር። ያን ሰደፍ ለመሙላት አንድ ሺህ አምስት መቶ ጊዜ ያህል ፓምፕ መምታት ግድ ይላል፤ ወታደሩ ግን ተለዋጭ ሰደፎች ይይዛል። ባሩድ በሚጫንበት ዘመን፣ ወታደር በደቂቃ ሁለቴ ሦስቴ በሚተኩስበት ዘመን፣ ይህ ጠመንጃ ያለ ጭስ ሃያ ጊዜ ተከታትሎ ይተኩስ ነበር። የወደቀው በቴክኒኩ ጣጣ ነው፤ ማጠራቀሚያው ያፈስሳል፣ ሞላውና ቫልቩ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፣ ጦር ሜዳ ላይ ደግሞ የሠለጠነ እጅ የት ይገኛል? ኦስትሪያ በ1815 ገደማ ተወችው።

ቢማን ደግሞ አንድ ጂራንዶኒ ነበረው። የራሱን ጠመንጃ ከማስታወሻዎቹ ጋር ማስተያየት ጀመረ። በኋላ ኧርነስት ካወንና ሪክ ኬለር የተባሉ ሁለት የእጅ ባለሙያዎች ቅጂ ሊሠሩበት ፈልገው ጠመንጃውን እንዲፈቱት ፈቀደላቸው። ፈቱት። ዋናውን ሞላ አወጡ፤ የፋብሪካው አይደለም! አንድ ሰው ከፈረስ ኮቴ ማለስለሻ ሞረድ ቀጥቅጦ በእጁ የሠራው ነው። እንግዲህ የልዊስን ማስታወሻ ገልጡ፤ ሰኔ 10 ቀን 1805፤ የጉዞው አንጥረኛ ጆን ሺልድስ የአየር ጠመንጃውን ዋና ሞላ ለወጠ። ነሐሴ ላይም ማነጣጠሪያው በአደጋ ወልቆ ልዊስ ራሱ እንዳስተካከለው ተጽፏል።

ሁሉም አላመነም፤ እንዲያምንም አይገደድም። ሞላ ብዙ ሰው ይሰብራል፣ ብዙ አንጥረኛም ይጠግናል። ቢማን ግን አምኖ፣ በገንዘብ ሊተመን የማይችለውን ጠመንጃ ለአሜሪካ ጦር ሙዚየም፣ ፔንሲልቬኒያ ካርላይል ውስጥ ላለው፣ በስጦታ ሰጠው። እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ሉከንስን አንዲት የሐራጅ መስመር ሾመችው፣ አንዲት የዳኛ አንቀጽ ሻረችው። ጠመንጃዎቹ ሁለቱም በመደርደሪያቸው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር።

ለዚህ ነው ሰብሳቢዎቹን ስትስቁባቸው እኔ የማልስቀው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ፊደል፣ አንድ የሞላ ጥገና የሚመዘግብ ሰው ምን እንደሚያስነሣ አያውቅም። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ መጽሐፋቸውን እንደ ማኅደር ጠቅልለው ገበያ ይዘውት ይወጣሉ። አንዳንዱ በጉያው ይይዘዋል፤ ሻጩ ካየው ዋጋ ይጨምርበታላ!

በቅርቡም በአንዱ ገበያ እንዲህ ሆነ ይባላል፤ ስም አልጠራም፣ ወሬ ስለሆነ። ሰውዬው ከጠረጴዛ ሥር፣ ከተሰበሩ ዓሣ ማጥመጃዎች መሃል፣ አንድ አሮጌ ቢኤስኤ መዘዘ። እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ብረቱ ቡናማ ሆኗል። ጀርባውን አዞረው። ፊደሏን አየ፣ ቁጥሩን አየ። ዘወር ብሎ ከጉያው መጽሐፉን አወጣና ጣቱን በሰንጠረዡ አወረደ። ቁጥሩ የለም። እንደገና አወረደ። ፊደሏ አለች፣ ቁጥሩ ግን መጽሐፉ «ከዚህ አልፎ አልተገኘም» ከሚለው ያልፋል፤ በብዙ ያልፋል። በኅዳጉ ያሉትን የእርሳስ ማስታወሻዎች፣ የራሱንም የወዳጆቹንም፣ አንድ በአንድ አየ። የትም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ወርውሮት ይሄድ ነበር። እሱ ግን የቁጥሩን አመታት፣ የፊደሏን እግር፣ የብረቱን አለባበስ በመነጽሩ ደጋግሞ ካየ በኋላ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ጉያው መለሰ፤ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይቺ የተሰበረችዋ ስንት ናት?» አለ ሻጩን።